በሱስ ያጣችሁትን ልጅ ስሙን እንዴት ታነሳላችሁ?

ልጅ በመኪና አደጋ ወይም በካንሰር ሲሞት ሰው መጥቶ አብሮ ያለቅሳል። በሱስ ሲሞትም ሰው ይመጣል፤ ዓይኑ ግን ይጠይቃል። «ምን ሆኖ ነው?» ይላል። አንዳንዱ ደግሞ ምንም አይልም፣ ዝምታውም ይከብዳል። ወላጅ እንባውን ሳይጠርግ መልስ ፍለጋ ይገባል። ይህ ጽሑፍ ለእነዚህ ወላጆች ነው፤ ገና ሃያዎቹ ውስጥ የነበረ ልጃቸውን መጠጥም ይሁን ክኒን፣ የሚወጋም ይሁን የሚጨስ ዕፅ ለነጠቃቸው። እህትና ወንድምም ቢያነቡት ይጠቀሙበታል።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ልጃችሁ ሃያ ምናምን ዓመት ኖሯል። ሱሱ የበላው ከዚያ ውስጥ የተወሰነውን ነው። ስለዚህ ስሙን ማክበር ሁለት ነገር ይጠይቃል፦ የሞተበትን አለመደበቅ፣ አሟሟቱም አኗኗሩን እንዲውጠው አለመፍቀድ። አንዱን ብቻ ማድረግ ቀላል ነው፤ ሁለቱን አብሮ ማስኬድ ግን ያታግላል።

መጀመሪያ አንድ መልስ አዘጋጁ

«ምን ሆኖ ነው?» የሚለው ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። ቤተሰቡ ቁጭ ብሎ ሁሉም የሚለውን አንድ ዓረፍተ ነገር ይስማማበት። «ለብዙ ጊዜ ከሱስ ጋር ሲታገል ነበር፣ በእሱ ምክንያት አረፈ» ማለት ይበቃል። ዝርዝር የሚጠይቅ ካለ «አሁን ስለ እሱ ማውራት አልችልም» ብላችሁ ዝጉት። ማንም ሰው ዝርዝሩን የማወቅ መብት የለውም፤ ምን ወሰደ፣ ስንት ወሰደ፣ የት ተገኘ፣ ማን አገኘው የሚለው የእናንተ ነው።

ምርመራ ተጀምሮ ከሆነ ደግሞ የደምና የሽንት ውጤቱ ቶሎ አይመጣም። ሳምንታት ይፈጃል፣ አንዳንዴም ወራት። እስከዚያ «ውጤት እየጠበቅን ነው» ማለት እውነትም ነው፣ ፋታም ይሰጣል። ውጤቱ ሲመጣ ብቻችሁን አታንብቡት። ወረቀቱ ላይ ብዙ ጊዜ የበርካታ ንጥረ ነገሮች ስም ይደረደራል፤ ከእነዚህ ውስጥ ለሞት ያበቃው የትኛው እንደሆነ፣ የትኛው እንዲያው የተገኘ ብቻ እንደሆነ ሐኪም ቢያስረዳችሁ ይሻላል። አለበለዚያ ሌሊቱን ሙሉ ስልክ ላይ ስትፈልጉ ታድራላችሁ።

መደበቅስ? «ልቡ ቆመ» ብሎ መገላገል ያጓጓል፣ ይገባኛል። ግን ዋጋ አለው። ለማን ምን እንዳላችሁ ማስታወስ ይጠበቅባችኋል። ታናናሾቹ እውነቱን ከመንገድ ይሰማሉ። ከእሱ ጋር አብረው ይወስዱ የነበሩት ጓደኞቹም ሊያስጠነቅቃቸው የሚችለውን ወሬ ሳይሰሙ ይቀራሉ። ከሁሉ በላይ ደግሞ የተደበቀ ነገር አብሮ የሚያለቅስ ሰው የለውም። አሜሪካዊው የሐዘን ተመራማሪ ኬኔት ዶካ በ1989 ሰው ዕውቅና ስለሚነፍገው ሐዘን ጽፏል። ሐዘናችሁ አለ፤ ግን በይፋ የማዘን ፈቃድ የተነፈጋችሁ ይመስላችኋል። በሱስ ልጅ ያጣ ወላጅ ይህን ያለ ማብራሪያ ያውቀዋል።

«ራሱ ነው ያመጣው» የሚል ሰው ይመጣል። አትከራከሩ። እንዲህ ላለ ሰው ስለ አንጎልና ስለ ሱስ ትምህርት የምትሰጡበት ሰዓት አይደለም። ዞር በሉ፣ ወይም ክፍሉን ለቃችሁ ውጡ። ጨዋነት የሚጠበቀው ከሐዘንተኛው ሳይሆን ከእሱ ነው።

ስልኩን አትንኩት

ይህን የማነሳው ብዙ ሰው እዚህ ላይ ስለሚቆጭ ነው። ወጪ ለመቀነስ ወይም ነገሩን ለመዝጋት ብላችሁ የስልክ መስመሩን በችኮላ አታዘጉ። የኢሜይሉ፣ የፎቶ ማከማቻውና የማኅበራዊ ገጾቹ ማረጋገጫ ኮድ የሚመጣው በዚያ ቁጥር ነው። ቁጥሩ ከተዘጋ ፎቶዎቹም አብረው ሊዘጉ ይችላሉ። የይለፍ ቁጥሩን በግምት ደጋግማችሁ አትሞክሩ፤ ስልኩ ራሱን ይቆልፋል፣ አንዳንዱ ስልክ ጭራሽ ውስጡን እንዲያጠፋ ተደርጎ ተስተካክሎ ይሆናል። ፖሊስ ጉዳዩን እየመረመረ ከሆነ ስልኩን ሊፈልገው ስለሚችል ቀድማችሁ ጠይቁ።

ከዚያ ድምፁን አውጡ። ለእናንተ የላከላችሁን የድምፅ መልእክት፣ ቪዲዮ፣ ሲስቅ የተቀረጸውን ሁሉ ከስልካችሁ ገልብጣችሁ ቢያንስ ሁለት ቦታ አስቀምጡ። ፊት በፎቶ ይቀራል፣ ድምፅ ግን ካልተያዘ ከትዝታ ቶሎ ይሸሻል።

ፌስቡክና ኢንስታግራም የሞተን ሰው ገጽ ወደ መታሰቢያነት ይለውጣሉ። ይህን ለመጠየቅ የሞቱን ማስረጃ ይፈልጋሉ። ልጃችሁ በሕይወት ሳለ በፌስቡክ ወራሽ መርጦ ከሆነ ያ ሰው የተወሰነ ነገር ማስተካከል ይችላል። አፕልም እንዲሁ ወራሽ አስቀድሞ ማስመዝገብ ያስችላል። አንድ ጥንቃቄ አለ፤ ገጹ ወደ መታሰቢያነት ከተለወጠ በኋላ ማንም በልጁ የይለፍ ቃል መግባት አይችልም። ስለዚህ የምትፈልጉትን ፎቶ ቀድማችሁ አስቀምጡ።

መልእክቶቹን ላንብብ ወይስ አላንብብ? የኔ ምክር፦ ብቻችሁንና በሌሊት አታንብቡ። የምታምኑት ሰው፣ ቢቻል የእሱ የዕድሜ እኩያ የሆነ፣ ቀድሞ ይየው። ሻጭ ጋር የተጻጻፈው፣ ገንዘብ ለምኖ የላከው፣ ስለ እናንተ ተናዶ የጻፈው እዚያ ውስጥ አለ። ጓደኛውን ያጽናናበት፣ የቀለደበት፣ «ከሰኞ ጀምሮ አቆማለሁ» ያለበትም እዚያው አለ። ሁለተኛውን ስትፈልጉ የመጀመሪያው ድንገት እንዳይመታችሁ ነው።

ክፍሉን ለመልቀም ማንም አያስቸኩላችሁ። ቶሎ መነሳት ያለበት ዕፁና ዕቃው ብቻ ነው፤ በተለይ ቤት ውስጥ ሕፃን ወይም ሌላ ከሱስ ጋር የሚታገል ሰው ካለ። መርፌ ካገኛችሁ ክዳን ባለው ወፍራም ፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ክተቱት፤ የመርፌውን የራሱን መሸፈኛ መልሳችሁ ለመግጠም አትሞክሩ። የተረፈ ክኒን መልሶ የሚቀበል ፋርማሲ ካለ እዚያ ውሰዱት። ፍራሹ፣ ጫማው፣ የተንጠለጠለው ጃኬት ግን ይቆይ። ከልብሱ አንዱን ሳታጥቡ አየር በማያስገባ ከረጢት ክተቱ፤ ጠረኑ ለጥቂት ጊዜ ይቆያል። ይህን የነገርኳቸው አንዳንድ ሰዎች ዘግይተው ነበር፣ ልብሱ ሁሉ ታጥቦ አልቋል።

«እንዲህ ባደርግ ኖሮ»

ከሁሉም የሚያደክመው ይህ ነው፣ ስለዚህ እዚህ ጋ ረጋ እንበል።

አንዷ እናት «ከቤት ባላባርረው ኖሮ» ትላለች። ሌላዋ «ከቤት ባባርረው ኖሮ፣ ገንዘብ ባልሰጠው ኖሮ» ትላለች። ሁለቱን ጎን ለጎን ስታስቀምጧቸው የሆነ ነገር ይገባችኋል። በሩን የዘጋውም፣ በሩን የከፈተውም ወላጅ እኩል ራሱን ይከሳል። ተቃራኒ ነገር አድርገው እዚያው ደርሰዋል። ጸጸቱ የሚነግራችሁ ስለ ውሳኔያችሁ አይደለም ማለት ነው፤ ልጃችሁን ምን ያህል እንደምትፈልጉት ነው።

ስለ ሰውነት አሠራር ትንሽ ማወቅም ይረዳል። ሰውነት ዕፅን ይለምዳል። ሲለምድ ብዙ መጠን ይችላል። ከሱስ ማገገሚያ፣ ከሆስፒታል ወይም ከእስር ሲወጣ ግን ያ መቻል ጠፍቷል፤ ፍላጎቱ ሳይጠፋ። በፊት ይወስደው የነበረውን ያህል አንድ ቀን ሲወስድ ሰውነቱ አይችለውም። ብዙ ወላጅ «እኮ ደህና ሆኖ ነበር! ወፍሮ፣ ሥራ ሊጀምር፣ እየሳቀ ነበር» የሚለው ለዚህ ነው። ልክ ናችሁ፣ ደህና ሆኖ ነበር። አደጋው የጨመረውም በዚያው ሰዓት ነው። አታለለን ብላችሁ እንዳታስቡ።

እንደ ሄሮይን፣ ሞርፊንና ፌንታኒል ያሉ ኦፒዮይዶች የሚገድሉት ትንፋሽን በማዘግየትና በማቆም ነው። አልኮል ወይም የእንቅልፍ ክኒን ሲጨመርበት ትንፋሽ የበለጠ ይዳከማል። ፌንታኒል ከሄሮይን 50 እጥፍ ገደማ ይጠነክራል፤ በሕገ ወጥ ገበያ ደግሞ ሌላ ዕፅ ወይም ክኒን መስሎ ስለሚሸጥ ወሳጁ ምን እየወሰደ እንደሆነ ላያውቅ ይችላል። ራስን የመቆጣጠርና ነገን የማሰብ ሥራ የሚሠራው የአንጎል ክፍል ደግሞ እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ ድረስ ገና እየበሰለ ነው። የአሜሪካ የዕፅ ሱስ ምርምር ተቋም እንደሚለው ሱስን ታክመው ከነበሩት ውስጥ ከ40 እስከ 60 በመቶ የሚሆኑት መልሰው ይወድቃሉ፤ ይህም ደም ግፊትና አስም ሕመምተኞች ላይ ከሚታየው የራቀ አይደለም። የደም ግፊት ታማሚ መድኃኒቱን አቋርጦ ቢሞት እናቱን «በደንብ አላሳደግሽውም» የሚላት የለም።

አንድ ሥራ ልስጣችሁ። ወረቀት ውሰዱና መሃሉን በመስመር ክፈሉት። በአንዱ በኩል ያንን ውሳኔ በወሰናችሁበት ቀን የምታውቁትን ጻፉ፤ ምን ያህል ተኝታችሁ ነበር፣ ለስንተኛ ጊዜ ቃል ገብቶላችሁ ነበር፣ ሌሎቹ ልጆች ምን ላይ ነበሩ። በሌላው በኩል ዛሬ የምታውቁትን ጻፉ። ራሳችሁን የምትፈርዱት ሁልጊዜ በሁለተኛው ወገን መረጃ ነው። ያኔ ግን እጃችሁ ላይ የነበረው የመጀመሪያው ብቻ ነው።

ይህም ሆኖ እውነተኛ ጥፋት ሊኖር ይችላል። ክፉ ቃል ተናግራችሁ ይሆናል፣ ስልኩን አላነሳችሁ ይሆናል። «ምንም አላጠፋህም» የሚል ማጽናኛ እዚህ ላይ አይሠራም፣ እንዲያውም ያናድዳል። ያለው መንገድ ይቅርታ መጠየቅ ነው። ለልጁ ደብዳቤ ጻፉ፣ ያደረጋችሁትን በስሙ ጥሩት፣ ይቅርታ ጠይቁት። ከዚያ በዚያው ደብዳቤ እሱ ያስቀየማችሁንም ጻፉ። የሰረቀውን፣ የዋሸውን። በሞተ ሰው መናደድ ነውር ይመስላል፤ ግን ንዴቱ ካልወጣ በሕይወት ባለ ሰው ላይ ነው የሚያርፈው።

ደግሞም ማንም ጮክ ብሎ የማይናገረው አለ፦ እፎይታ። በሌሊት ስልክ ሲጮህ ልባችሁ ይሰነጠቅ ነበር፤ አሁን አይጮህም። ያ እፎይታ ከሐዘኑ ጋር አብሮ ይመጣል፣ ብዙ ወላጅ ላይም ይመጣል። የእናንተ ጥላቻ ምልክት አይደለም።

ቤት ውስጥ ያሉት

ባልና ሚስት እኩል አያዝኑም። ማርጋሬት ስትሮቤና ሄንክ ሹት የተባሉ ተመራማሪዎች በ1999 እንዳሳዩት ሐዘንተኛ ሰው በሁለት ነገር መካከል ይዋልላል፤ አንዴ ከሐዘኑ ጋር ይቀመጣል፣ አንዴ ወደ ኑሮው ይመለሳል። ችግሩ ሁለት ሰው በአንድ ሰዓት አንድ ቦታ ላይ አለመገኘቱ ነው። እሷ ስታለቅስ እሱ ቧንቧ ይጠግናል። «ምንም አልመሰለውም» ትላለች። እሱ ደግሞ ማታ መኪና ውስጥ ሆኖ ያለቅሳል። አንድ ስምምነት ብቻ አድርጉ፦ «ያንተ ጥፋት ነው» የሚለው ዓረፍተ ነገር እዚህ ቤት አይነገርም። ከወጣ በኋላ መልሶ መዋጥ አይቻልም።

እህትና ወንድሞቹ ብዙ ጊዜ ከእናንተ በፊት ያውቁ ነበር። ምስጢር ጠብቀው ነበር፣ አሁን ያ ምስጢር እንደ ድንጋይ ተጭኗቸዋል። ራሳችሁ ጀምሩላቸው። «ታውቅ እንደነበር እገምታለሁ፣ አልቆጣም» በሉ። «እንግዲህ የቀረኸን አንተ ነህ» ብላችሁ የሁለት ሰው ሸክም አትጫኑባቸው። እነሱም መጠጥ ወይም ዕፅ ማብዛት ጀምረው እንደሆነ ዓይናችሁን አትንፈጉ።

ልጃችሁ የራሱ ልጅ ትቶ ከሆነ ለዚያ ሕፃን አትዋሹት። «አባትህ ሱስ የሚባል ሕመም ነበረበት፣ ሐኪሞችም እኛም ሞክረን ነበር፣ ሕመሙ በረታበት። በአንተ ምክንያት አይደለም።» የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ደጋግሙለት። ሲያድግ የቀረውን ይጠይቃል።

ስሙን ማንሳት

ከትልቅ ነገር አትጀምሩ። በመጀመሪያው ዓመት በልጃቸው ስም ድርጅት ለማቋቋም የሚሯሯጡ ወላጆች አሉ። እኔ አልመክርም። ስብሰባ፣ ምዝገባ፣ ገንዘብ ልመና፣ ጭቅጭቅ ነው፤ ሐዘኑን ለሌላ ቀን ያስተላልፈዋል እንጂ አያቀለውም። በስሙ የአንድ ተማሪ ክፍያ መሸፈን፣ የሚወደውን ስፖርት ለሚጫወቱ ልጆች ኳስ መግዛት፣ ለማገገሚያ ማዕከል መጻሕፍት መስጠት ይበቃል። ያ ከዘለቀ ሌላው ይከተላል።

ታሪኮቹን ሰብስቡ። ጓደኞቹን፣ አስተማሪዎቹን፣ የሥራ ባልደረቦቹን አንድ አንድ ነገር በድምፅ ቀርጸው ወይም ጽፈው እንዲልኩላችሁ ጠይቁ። «ጥሩ ልጅ ነበር» አይበቃም፤ ምን አደረገ? ምን ብሎ አሳቀህ? አብረውት ይወስዱ የነበሩትንም ጠይቁ። ይህ እንደሚከብድ አውቃለሁ። ግን የመጨረሻዎቹን ዓመታት ያዩት እነሱ ናቸው፣ እነሱም ያለ አጽናኝ እያዘኑ ነው። ከመሃላቸው የሸጠለት ሰው ካለ ያ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ለሕግ ተዉት።

ፎቶ ስትመርጡ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለ የተነሳውን ብቻ አታውጡ። ብዙ ወላጅ እንዲህ ያደርጋል፣ ሱሱ ከመምጣቱ በፊት ወደነበረው ልጅ ለመመለስ። ሃያ ሦስት ዓመቱ ላይም ሰው ነበር፤ ከስቶም ቢሆን ይስቅ ነበር፣ የእህቱን ልጅ ተሸክሞ ነበር። የሕይወት ታሪኩን ስትጽፉም ሱሱ አንድ አንቀጽ ይኑረው። አንድ ሙሉ አንቀጽ፣ በግልጽ ቋንቋ። ቀሪው ገጽ የእሱ ይሁን።

ቀን መምረጥ ካስፈለገ ከሞተበት ቀን ይልቅ የተወለደበትን ውሰዱ። ከሌሎች ጋር ማሰብ ከፈለጋችሁ ደግሞ በየዓመቱ ኦገስት 31፣ ማለትም ነሐሴ 25፣ ከመጠን በላይ ዕፅ በመውሰድ የሞቱ ሰዎች በዓለም ዙሪያ ይታሰባሉ። በ2001 በአውስትራሊያ ሜልቦርን ነው የተጀመረው፤ ሐምራዊ ቀለም ይለበሳል። በዲሴምበር ወር ሁለተኛው እሑድ ደግሞ በማንኛውም ምክንያት ልጅ ያጡ ቤተሰቦች በየአገራቸው ሰዓት ከምሽቱ 1 ሰዓት ሻማ ያበራሉ። የትም ብትሆኑ ከቤታችሁ ሳትወጡ መሳተፍ ትችላላችሁ።

በአደባባይ መናገር የምትፈልጉ ወላጆች ብትጠብቁ ይሻላል። ከመናገራችሁ በፊት እህትና ወንድሞቹን አስፈቅዱ፤ ታሪኩ የእነሱም ነው። የወሰደውን መጠንና አወሳሰዱን አትዘርዝሩ፤ አድማጮች መሃል እየታገለ ያለ ሰው ይኖራል። አስከሬኑን ወይም የታመመ ፊቱን ማስፈራሪያ አታድርጉት። ይልቅ ሰው የሚጠቀምበትን ንገሩ። ለምሳሌ ስለ ናሎክሶን። ይህ መድኃኒት በአፍንጫ የሚረጭ ወይም በመርፌ የሚሰጥ ነው፣ በኦፒዮይድ ትንፋሹ የቆመን ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ሊመልስ ይችላል። አልኮልንና የእንቅልፍ ክኒንን አያክምም። ጉልበቱ ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ብቻ ስለሚቆይ ሰውየው ቢነቃም የድንገተኛ ሕክምና ያስፈልገዋል። አሜሪካ ውስጥ ከ2023 ወዲህ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ይሸጣል። በሌላ ቦታ እንዴት እንደሚገኝ ሐኪም ወይም ፋርማሲ ጠይቁ፣ ከዚያ አጠቃቀሙን ተማሩና ለጓደኞቹ አስተምሩ።

ለራሳችሁ

ከዓመት በኋላ ማልቀስ በሽታ አይደለም። ግን የዓለም ጤና ድርጅት ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች መዝገብ ላይ የተራዘመ ሐዘን የሚባል አለ፤ ከስድስት ወር በላይ ሳይበርድ የቆየና መሥራትን፣ መብላትን፣ ከሰው ጋር መሆንን የከለከለ ሐዘን ነው። ሕክምና አለው፤ እንደ ድክመት አትቁጠሩት። እንቅልፍ ስላጣችሁ ብቻ የእሱን የተረፈ ክኒን አትውሰዱ፣ በመጠጥም አትተኙ። «ከእሱ ጋር ልሂድ» የሚል ሐሳብ ከመጣ በዚያው ቀን ለአንድ ሰው ንገሩ፤ ሰውየው አብሯችሁ ይቀመጥ፣ ወደ ሐኪም ይውሰዳችሁ። እስከ ነገ አታቆዩት።

ተመሳሳይ ያጣ ወላጅ ፈልጉ። አንድ ብቻ ቢሆንም። ከእሱ ጋር መግቢያ አያስፈልግም፣ «ስንተኛው ማገገሚያ ነበር?» ብሎ ይጀምራል።

አንድ የቀረ ነገር አለ፣ ብዙዎችን ያስጨንቃል። የማታውቁት ሰው «ስንት ልጆች አሏችሁ?» ሲል ምን ይባላል? ሁለቱም መልስ ይቻላል። ጊዜና አቅም ካላችሁ «ሦስት ናቸው፣ ሁለተኛዋ አርፋለች» በሉ። ቸኩላችሁ ከሆነ፣ ወይም ሰውየው ፊት ማልቀስ ካልፈለጋችሁ «ሁለት» ብላችሁ እለፉ። ልጃችሁን አልካዳችኋትም። ለዚያ ሰው አልነገራችሁትም፣ በቃ።